የማይታይ ሥራ

ሥራ ሁሉ ሁለት ወራት አለው፤ አንደኛው የሚታይበት፥ ሁለተኛው የሚሠራበት ወራት ነው። መንገደኛ እርሻን የሚያደንቀው በጥቅምት አዝመራው ሲያሽት ነው። ነገር ግን የዚያ አዝመራ ዕድል አስቀድሞ የተቈረጠው መንገደኛው ዞር ብሎ በማያይበት ጊዜ፥ ማሳው ደርቆና ተሰነጣጥቆ ሳለ፥ ገበሬው የውኃ መውረጃውን ሲጠርግና የፈረሰውን እርከን ሲክብ ነው። ሰው ግን በተፈጥሮው የሚታየውን ወራት ይወድዳል፤ የሚሠራበትን ወራት እንደ ባዶ ጊዜ ይቈጥረዋል።

ይህን ነገር በአስተማሪነት ዘመኔ ለብዙ ልጆች ነግሬአለሁ። ዳሩ ግን ጉልህ ሆኖ በዓይኔ ያየሁት ባልጠበቅሁት ስፍራ፥ በአሜሪካ አገር በኮሎራዶ ተራሮች መካከል በሚገኝ በአንድ የጎልፍ መጫወቻ ሜዳ ላይ ነው። ወጣት አንባቢዎቼ፥ «ጡረታ የወጣ አስተማሪንና የጎልፍ ሜዳን ምን አገናኛቸው?» ትሉኝ ይሆናል። ነገሩን በተራ ላስረዳ።

የእኅቴ ልጅ በአገሩ ሳለ በሒሳብ አያያዝ ትምህርት ተመርቆ ጥቂት ዓመት በመሥሪያ ቤት ካገለገለ በኋላ ወደ አሜሪካ ሄደ። በኮሎራዶ፥ በዴንቨርና በአጠገቧ ባለችው በአውሮራ ከተማ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ፤ እርሱም በመጀመሪያ ከእነርሱ ዘንድ ተቀመጠ። በኋላ ግን ወደ ተራራው ወጥቶ በጎልፍ ሜዳ ሣር አጫጅ፥ ቦይ ቈፋሪ፥ ቧንቧ ጠጋኝ ሆኖ ተቀጠረ። ለእናቱ የነገራት በአንድ ድርጅት ውስጥ የሒሳብ ሥራ እንደ ያዘ ነው። በ2017 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ልጠይቀው በሄድሁ ጊዜ፥ ከሁሉ አስቀድሞ የለመነኝ ነገር ይህ ነበር፤ «ጋሼ፥ እባክዎን ለእማዬ አይንገሩብኝ። ልጄ ተምሮ ተምሮ ሣር አጫጅ ሆነ ብላ ታለቅሳለች» አለኝ። ነገሩ የእርሱ እንጂ የእኔ ስላልሆነ አልነግርም አልሁት፤ ነገር ግን የሚሠራበትን ስፍራ እንዲያሳየኝ ጠየቅሁት።

ጎልፍ ትንሽ ኳስ በዱላ እየመቱ በሰፊ ሜዳ ላይ ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ የሚያደርሱበት ጨዋታ ነው። ሙሉ ሜዳ 18 ጉድጓዶች አሉት፤ የእያንዳንዱ ጉድጓድ አፍ ስፋቱ 10.8 ሳንቲ ሜትር ነው። ጉድጓዱ የተቈፈረበት መደብ «ግሪን» ይባላል። ኳሱ ሳይነጥር እንዲንከባለል፥ በግሪኑ ላይ ያለው ሣር ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ እስኪቀረው ድረስ ይታጨዳል። እንዲህ አጥሮ የሚኖር ሣር እንደ ሕፃን ልጅ ነው፤ ብርዱም፥ ድርቁም፥ በሽታውም ቶሎ ያገኘዋል።

ያ ሜዳ ያለበት ተራራ ከፍታው ከአዲስ አበባ ብዙም አይበልጥም። ነገር ግን አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ9 ዲግሪ ላይ ስትገኝ፥ ኮሎራዶ ከ37 እስከ 41 ዲግሪ ባለው መካከል ነው። ስለዚህ በእኛ ደጋ አዝመራ በሚያሽትበት ወር በዚያ ቅጠሉ ረግፎ፥ ሌሊቱ ውኃን ወደ በረዶ የሚለውጥ ይሆናል። እኔ በደረስሁ ጊዜ ተጫዋቾቹ ሄደዋል፤ በየጉድጓዱ ተተክሎ የነበረው ባንዲራ ተነቅሏል፤ የምግብ ቤቱም በር ተቈልፏል። ከውጭ ለሚያይ ሰው ሥራው ያበቃ ይመስላል። ከአጥሩ ውስጥ ግን ከዓመቱ ሁሉ የከበደው ሥራ የሚሠራው በዚያ ጊዜ ነበር። አንዱ በኤክስካቫተር ይቈፍራል፥ ሌላው በካሪዮላ አሸዋ ይገፋል፥ ሌላው በግሪን ላይ ጥላ የሚጥለውን ቅርንጫፍ ይቈርጣል።

የሠራተኞቹ አለቃ ከሜክሲኮ የመጡ፥ ፀጉራቸው የሸበተ ሰው ናቸው። እንግሊዝኛ ለእርሳቸውም ለእኔም በኋላ የተማርነው ቋንቋ ስለ ሆነ ቀስ እያልን ስለ ተነጋገርን በመልካም ተግባባን። ይህ ሁሉ ሥራ ለምን በዚህ ወር እንደሚሠራ ብጠይቃቸው ሦስት ምክንያት ሰጡኝ። አንደኛ፥ ተጫዋች ስለሌለ መሬቱን ያለ ሥጋት መቈፈር ይቻላል። ሁለተኛ፥ መሬቱ ገና አልጠነከረም፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን በብርዱ እንደ ድንጋይ ስለሚሆን ዶማ አይገባውም። ሦስተኛ፥ በረዶው አንድ ጊዜ ከሸፈነው ወዲያ የተበላሸውን ማረም እስከ ሚያዝያና እስከ ግንቦት ድረስ አይቻልም።

ከሥራዎቹ ሁሉ አስቀድሞ የገረመኝ የቧንቧው ነው። በሙቀቱ ወራት ሜዳው የሚጠጣው ውኃ ከመሬት በታች በተቀበረ ረጅም የቧንቧ መረብ ይመላለሳል፤ በእርሱም ላይ ውኃ የሚረጩ ብዙ መቶ አፎች በየስፍራው ተተክለዋል። ውኃ በረዶ ሲሆን ከመጠኑ ከ100 እጅ 9 እጅ ያህል ይሰፋል፤ ስለዚህ በቧንቧው ውስጥ ጥቂት ውኃ እንኳ ቢቀር ብረቱንም ፕላስቲኩንም ይሰነጥቀዋል። ይህ እንዳይሆን በትልቅ ኮምፕሬሰር አየር ወደ ቧንቧው ይነፋሉ፤ አንድ ሰውም ከአፍ ወደ አፍ እየሄደ አንዱን ይከፍታል፥ ሌላውን ይዘጋል። በመጀመሪያ ጥሩ ውኃ ይወጣል፤ ቀጥሎ ውኃና አየር ተቀላቅሎ እየተንፈቀፈቀ ይወጣል፤ በመጨረሻ እንደ ጧት ጉም የሳሳ ጭጋግ ብቻ ይወጣል። ያን ጊዜ ይዘጋውና ወደሚቀጥለው ይሄዳል። አየሩን አብዝቶ መንፋት ራሱ ቧንቧውን ይጐዳል፤ መቸኰልም ውኃ ያስቀራል። ስለዚህ ከጉልበት ይልቅ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው። የእኅቴ ልጅ ይህን ከጧት እስከ ማታ ለብዙ ቀን ይሠራል። አንዱን አፍ ዘልሎ ቢያልፍ በዚያ ቀን የሚያውቅበት የለም፤ በግንቦት ውኃው ሲለቀቅ ግን መሬቱ ራሱ ይመሰክርበታል።

ሁለተኛው የሣሩ ሕክምና ነው። በረዶ ሣሩን ለብዙ ሳምንታት በሸፈነው ጊዜ፥ ከበታቹ ባለው ጨለማና እርጥበት ውስጥ ሻጋታ ይበቅላል፤ በረዶውም ሲቀልጥ ሣሩ ቈስሎ ይገኛል። ቍስሉ ከታየ በኋላ መድኃኒት ብዙ አይረዳም፤ የሚረዳው ሣሩ ገና ጤነኛ ሆኖ ሳለ፥ በረዶው ከመጣሉ በፊት የተረጨው መድኃኒት ነው። ሣሩ የሚያቈጠቍጥበትንም እምብርት ከደረቁ የብርድ ነፋስ ለመከለል አሸዋ ይነሰንሱበታል። አባቶቻችን «ሳይደርቅ በእርጥቡ፥ ሳይርቅ በቅርቡ» የሚሉት ተረት በዚያ ተራራ ላይ በሥራ ሲገለጥ አየሁት።

ሦስተኛው የውኃ መውረጃው ነው፤ ልነግራችሁ የፈለግሁትም ነገር የሆነው በዚህ ላይ ነው። ከግሪኖቹ አንዱ በሁለት ኮረብታ መካከል በጥላ ስፍራ ይገኛል። ባለፈው የብርድ ወራት ውኃ ተኝቶበት፥ ውኃውም በረዶ ሆኖ፥ ሣሩን ከታች አፍኖ ገድሎት ነበር። ሌላ ሣር አምጥቶ በላዩ ማንጠፍ ቀላል ነበር። እነርሱ ግን «ነገርን ከሥሩ፥ ውኃን ከጥሩ» እንደሚባለው ምክንያቱን ከሥር ፈለጉ። መልካም ግሪን ከላይ ሣር ቢመስልም ከታች እንደ ቤት የታነጸ ነገር ነው። የአሜሪካ የጎልፍ ማኅበር በ1960 እ.ኤ.አ. አውጥቶ ከዚያ ወዲህ እያሻሻለ ያሳተመው የአሠራር መመሪያ አለ። በዚያ መሠረት ከላይ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው አሸዋ የበዛበት አፈር ይሆናል፤ ከበታቹ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ጠጠር ይነጠፋል፤ ከጠጠሩም በታች በቦይ ውስጥ ቀዳዳ ያላቸው ቧንቧዎች ይቀበራሉ። ተጫዋቹ ከዚህ ሁሉ አንዱንም አያይም።

ቧንቧዎቹ እንደ ዓሣ አጥንት ከግራና ከቀኝ ወደ መካከለኛው ዋና ቧንቧ ይገባሉ። ሠራተኞቹ ከጫፍ እስከ ጫፍ ችካል ቸክለው፥ በችካሎቹ ላይ ሲባጎ ወጥረው፥ በእያንዳንዱ ሜትር 1 ሳንቲ ሜትር ዝቅ እንዲል በውኃ ልክ ያስተካክሉታል፤ ቧንቧውንም ሲባጎውን እየተከተሉ ያጋድሙታል። በዐርብ ቀን ወደ ማታ ሥራው ሊፈጸም ጥቂት ቀርቶት ነበር። በሌሊት በረዶ እንደሚጥል የአየሩ ትንበያ ተናግሯል፤ ሰማዩም ጠቍሯል። በዚያን ሰዓት የእኅቴ ልጅ ድንገት ቆመ። ከችካሎቹ አንዱ በካሪዮላ ጎማ ተገፍቶ ሲባጎው ረግቦ አየ። ችካሉ የተገፋው መቼ ነው? ወደ ኋላ ቢያስብ፥ የመጨረሻው 5 ሜትር ያህል ቧንቧ የተጋደመው በረገበው ሲባጎ እንደ ሆነ ገባው። ያ ክፍል ግን በጠጠር ተሸፍኖ አልቋል።

ከእርሱ በቀር ያየ ማንም አልነበረም። ችካሉን በእግሩ መታ አድርጎ መልሶ ሲባጎውን ቢወጥረው ነገሩ በዚያው ይቀበር ነበር። ሰዎቹ ደክመዋል፤ ቤታቸው ሩቅ ነው። ጥቂት ጊዜ ቆሞ ሲያመነታ አየሁት፤ ምክንያቱን ግን ገና አላወቅሁም ነበር። ከዚያ በኋላ አለቃውን ጠርቶ ነገራቸው። ከጓደኞቹ አንዱ አካፋውን መሬት ላይ ጣለ። አለቃው ሰማዩን አዩ፥ ቦዩን አዩ፥ «አውጡት» አሉ። ኤክስካቫተር ቧንቧውን እንዳይሰብረው ጠጠሩን በአካፋና በእጅ አወጡት። ሲለካ ቧንቧው በመካከሉ ሁለት ጣት ያህል ሆዱ ወርዶ ተገኘ፤ ውኃ የሚተኛው በዚያ ነበር። በመኪና መብራት እንደ ገና ለክተው አጋደሙት፤ እኔም የሲባጎውን አንድ ጫፍ ያዝሁ። የመጨረሻው ጠጠር ሲገባ በረዶው መውረድ ጀምሮ ነበር፤ ሰዓቱም ከምሽቱ 3 ሰዓት ሆኖ ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ በመኪና ውስጥ፥ «ዝም ብትል ማን ያውቅብህ ነበር?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ማንም» አለኝ። ጥቂት ቆይቶም፥ «እኔ ግን በዚያ ባለፍሁ ቍጥር ዐውቀው ነበር» አለ።

«እንግዲያው ለእናትህ የምትደብቃት ይህን ነውን?» አልሁት።

መልስ አልሰጠኝም። ብዙ መንገድ ከሄድን በኋላ ግን፥ «ጋሼ፥ ቢሆንስ፥ ያን ሁሉ የደከምነው ለባለጸጎች ጨዋታ አይደለምን?» አለኝ።

ይህ ጥያቄ የሚናቅ አይደለም። ከኮሎራዶ ተራሮች በረዶ የሚፈልቀው የኮሎራዶ ወንዝ ለ7 የአሜሪካ ግዛቶችና ለሜክሲኮ የሚከፋፈል ነው፤ ሁሉም ይጠማበታል፥ ሁሉም ይከራከርበታል። በእንዲህ ያለ አገር ውኃና ጕልበት ለጨዋታ መዋሉ ይገባል ወይ ብሎ መጠየቅ ትክክል ነው፤ እኔም ያንኑ ጥንቃቄ በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ባየሁት ኖሮ ብዬ ተመኝቻለሁ። ነገር ግን ሜዳው መኖር ይገባዋል ወይ የሚለው ክርክር ቧንቧውን አጣምሞ ለመቅበር ምክንያት አይሆንም። በጨዋታ ሜዳ ላይ መዋሸት የለመደ እጅ፥ ነገ የሆስፒታል ቧንቧ ሲሰጡት ይዋሻል፤ በጨዋታ ሜዳ ላይ መታመን የለመደ እጅም ያንኑ እውነት ይዞ ወደ ሆስፒታሉ ይሄዳል። ለልጁ የመለስሁለት ይህን ነው።

በዚህ ጨዋታ ታሪክ ውስጥ ስሙ የከበረ አንድ ሰው አለ። ቶም ሞሪስ ይባላል፤ በስኮትላንድ በሴንት አንድሩስ ከተማ በ1821 እ.ኤ.አ. ተወልዶ በ1908 እ.ኤ.አ. ዐረፈ። «ኦፕን» የተባለውን ታላቅ ውድድር 4 ጊዜ አሸንፏል። ነገር ግን ይህ ሰው ኑሮውን የመራው ሜዳ ጠባቂ ሆኖ ነው፤ ከ1860ዎቹ እስከ 1903 እ.ኤ.አ. ድረስ የሴንት አንድሩስን ሣር ሲያክምና አሸዋ ሲያለብስ ኖረ። መሬቱም እንደ ሰው ዕረፍት እንደሚያስፈልገው ያምን ነበር፤ ያ ጥንታዊ ሜዳ እስከ ዛሬ ድረስ ከጥቂት ውድድሮች በቀር በእሑድ ቀን ለጨዋታ አይከፈትም። የመጨረሻው፥ 18ኛው ጉድጓድም በዚሁ ሰው ስም ይጠራል። ታላቅ ውድድር ያሸነፈው እጅ አካፋ በመያዙ አልተዋረደም።

የእኛም ታሪክ ይህን ትምህርት አያጣም። ዐፄ ቴዎድሮስ መንገድ ሲያሠሩ በገዛ እጃቸው ድንጋይ ይሸከሙ እንደ ነበረ በዘመናቸው የነበሩ ሰዎች ጽፈዋል። ዐፄ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ አስነግረዋል። ዐዋጅ ያስፈለገው ስድቡ ስለ ነበረ ነው። ብረት የሚቀጠቅጠውን እየናቅን በሠራው ማረሻ እናርስ ነበር፤ ሸክላ የምትሠራውን እየናቅን በሠራችው ምጣድ እንጋግር ነበር። ያ ስድብ ዛሬ መልኩን ለውጦ «ይህን ሁሉ ተምሮ ምን ሆነ?» በሚል ጥያቄ ውስጥ ተሸሽጓል። የእኅቴ ልጅ በባዕድ አገር ሆኖ የፈራው ይህን ጥያቄ ነው።

እኔ በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ቅዳሜ ጧት የማን ልጅ ነህ ሳይባል ሁሉም መጥረጊያ ወይም ዶማ ይይዝ ነበር። አስተዳዳሪው መኝታ ቤታችንን ሲጐበኙ የሚመረምሩት የአልጋውን ልብስ ሳይሆን ከአልጋው ሥር ያለውን ወለል ነበር። እኛ ልጆቹ በዚህ እናጕረመርም ነበር፤ ነገር ግን ከአልጋው በላይ ያለውን ሁሉ ሳይነገረን እናሰናዳው እንደ ነበረ አስተዳዳሪው ያውቁ ነበር።

ሥራን ከመናቅ የሚወለድ ሌላ በሽታ አለ፤ ይኸውም አዲስ ነገር መመረቅን ወድዶ የቆየውን መጠገንን መጥላት ነው። ካስተማርሁባቸው ትምህርት ቤቶች በአንዱ አዲስ የመማሪያ ክፍል በሪባንና በጭብጨባ ተመረቀ። ከጀርባው ያለውን ቦይ በየዓመቱ ከሰኔ በፊት የሚጠርግ ሰው ግን አልተመደበም። በሦስተኛው ክረምት ውኃው ከመሠረቱ ሥር ገብቶ ግድግዳውን ሰነጠቀው፤ ልጆቹም ወደ ዛፍ ጥላ ተመለሱ። አንድ አካፋና የሁለት ቀን ሥራ ሊያድኑት ይችሉ የነበረ ቤት ነው።

ከዚህ የተሻለውን ለማየት የግድ ባሕር መሻገር አያስፈልግም። የኮንሶ ሕዝብ በተራራው ላይ የካበው የድንጋይ እርከን ከ400 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው፤ አንዳንዱም ካብ እስከ 5 ሜትር ይደርሳል። በ2011 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ያለ ጭቃ የተካበ ድንጋይ በራሱ 400 ዓመት አይቆምም፤ የቆመው እያንዳንዱ ትውልድ የወደቀውን እያነሣ መልሶ ስለ ካበው ነው። የጠጋኞቹ ስም በየትም አልተጻፈም፤ አፈሩ ግን እስከ ዛሬ ከስፍራው አልሄደም።

እኔ ወደ አገሬ ከተመለስሁ በኋላ፥ በገና ሰሞን፥ የእኅቴ ልጅ እናቱን በስልክ ጠርቶ እውነቱን ነገራት። የኮምፕሬሰሩንም፥ የሲባጎውንም፥ የሌሊቱንም በረዶ አንድ በአንድ አጫወታት። እርሷም ሰምታ ስትጨርስ፥ «ልጄ፥ በዚያ ብርድ ጓንትና ወፍራም ጫማ ይሰጧችኋል ወይ?» ብላ ብቻ ጠየቀችው። ለሁለት ዓመት ሲፈራው የኖረው ፍርድ ይህ ነበር። በግንቦት በረዶው ሲቀልጥ ያ ግሪን ደኅና ሆኖ እንደ ተገኘ ጽፎልኛል፤ ይህንም ታሪክ እንድጽፈው የፈቀደልኝ በዚያው ደብዳቤ ነው።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፥ ነገ አንዳችሁ ሐኪም፥ አንዳችሁ ነጋዴ፥ አንዳችሁ ምናልባት በሰው አገር ቦይ ቈፋሪ ትሆኑ ይሆናል። ይህ በእናንተ ፈቃድ ብቻ የሚወሰን ነገር አይደለም። በእጃችሁ ያለው ሥራውን እንዴት እንደምትሠሩት ነው። ለትምህርታችሁም እንዲህ ያለ ወራት አለው፤ ይኸውም ፈተናው ገና ሩቅ ሆኖ፥ አስተማሪውም በማይጠይቃችሁ ጊዜ፥ ያልገባችሁን ገጽ ተመልሳችሁ የምታነብቡበት ጊዜ ነው። ወንድማችሁ ወይም እኅታችሁ ዝቅ ያለ በሚባል ሥራ ላይ ሆኖ ሲያፍር ብታዩት፥ ደመወዙን ከመጠየቃችሁ በፊት የሚሠራውን እንዲያሳያችሁ ጠይቁት፤ አብራችሁትም ሲባጎ ያዙለት። ሲባጎው ረግቦ ያያችሁም እንደ ሆነ፥ ሰማዩ ቢጠቍርም፥ ጓደኞቻችሁ ቢያጕረመርሙም፥ ቧንቧው ሳይቀበር ተናገሩ።